የእናቴ አዲስ ስልክ

ሰው ክፋቱን ሲያወራ "ቸግሮኝ ነው" ብሎ ይጀምራል። እኔም ልጀምርበት፤ ቸግሮኝ ነበር። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ደሞዜን በግማሽ ቆረጠው። ናይሮቢ ውስጥ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኪሌሌሽዋ ለቀን ዳር ያለው ካሳራኒ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ እኔ፣ ሚስቴና ከደሴ ያመጣኋት እናቴ።

ያን ሰሞን የቤት ወጪ መቀነስ እንደ በሽታ ያዘኝ። የሳተላይት ቴሌቪዥኑን አስቆረጥኩ። የውሃ ማሞቂያውን ማብሪያ በፕላስተር አሸግኩት። ሚስቴ ሻወር ቤት ገብታ ስትቆይ በሩን እደበድባለሁ። እሷስ ደግነቱ ከተማ መሀል ምግብ ቤት ትሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከኔ ታርፋለች። እናቴ ግን የት ትሂድ?

የስልኩ ሂሳብ ብቻ አልወርድ አለኝ። ጥፋተኛዋ እናቴ ነበረች። ደሴ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻት፤ እትዬ ነው የምትላት። እትዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምትይዝላት ልጇ ናት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሚስቴ የእናቴ አሮጌ ስልክ ላይ አንዷን ቁልፍ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታላት ነበር፤ እሷን ተጭና ስትይዝ ደሴ ይጠራል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ትቀመጥና ትጫናለች። የሚያወሩትን ሰምቻለሁ፤ የጎረቤት ዶሮ፣ የጉልበት ህመም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተ ሰው። ለዚህ ሁሉ የምከፍለው እኔ ነኝ።

"ቀንሺ" ልላት እችል ነበር። እናትን እንዲህ ማለት ግን ያሳፍራል፤ ሰው ምን ይለኛል? ስለዚህ ስጦታ ሰጠኋት።

አለቃዬ መሥሪያ ቤት ጥሎት የሄደ፣ ቁልፍ የሌለው፣ በጣት የሚነካ ስልክ ነበር። ያኔ ናይሮቢ ውስጥ ገና ብርቅ ነው። ሲም ካርዷን ነቅዬ ከተትኩበትና "እማዬ፣ ይኸውልሽ፣ የትልልቅ ሰዎች ስልክ" አልኳት። አሮጌውን በማግስቱ ኢስትሊ ገበያ ወስጄ ሸጥኩት፤ ያወጣው ገንዘብ የማታቱ ታክሲ መሄጃና መመለሻዬን በቅጡ አልሸፈነም። እንደማትችልበት አውቄ ነው የሰጠኋት። ይሄን አልደብቅም።

እሷ ግን ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። "እግዚአብሔር ያክብርህ፣ አባቴ" አለችና ስልኩን አገላብጣ አየችው። "ቁልፉ የታል ታዲያ?"

"ቁልፍ የለውም፤ ነካ ነካ ማድረግ ነው።"

አንዴ ብቻ፣ በጥድፊያ አሳየኋት። ሥራ ያደነደነውን ጣቷን ስክሪኑ አላውቀውም አለ። ጠበቅ አድርጋ ስትጫን ሌላ ነገር ተከፈተ፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። እኔ ሳቅሁ። "ትለምጂዋለሽ" ብያት ወጣሁ።

ሚስቴ ማታ ስትገባ ነገሩ ገባት። "እኔ እደውልላታለሁ" አለች። "አንዴ ከጀመርሽላት በየቀኑ ነው፤ እንዳትሞክሪው" አልኳት። "አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ድንጋይ ነው" ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ያስታረቀችን እናቴ ናት። "በኔ የተነሳ አትጣሉ፤ ለምጄዋለሁ እኮ። ዛሬ እትዬን አገኘኋት" አለች።

ከዚያ ወዲህ እራት ላይ የእትዬን ሰላምታ ታደርሰን ጀመር። እትዬ ዛሬ ሻል ብሏታል፣ እትዬ ሰላም ብላችኋለች። የስልኩ ሂሳብ ግን በወሩ መጨረሻ ከግማሽ በታች ወርዶ መጣ። ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም ነበር ብዬ ለሚስቴ ምዬላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ አገናኝቼዋለሁ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

አምስት ወር እንዳለፈ፣ አንድ ዓርብ፣ የእትዬ ልጅ ቢሮ ደወለችልኝ። እትዬ አርፋለች፤ ቀብሯም ትናንት ተፈጽሟል። ልጅቷ እያለቀሰች "ከግንቦት ወዲህ የእናትህን ድምፅ ሳትሰማ ሄደች" አለችኝ። "ደውለን ደውለን ዝግ ነው ይለናል። ትደውልልኛለች እያለች ስልኩን ከትራሷ ሥር አላወጣችውም።"

መርዶ ቤት ገብተህ ዘለህ የምታፈርጠው ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገና ሳይነጋ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ባለሐዘኑ ፊት ምንም እንዳልሆነ መሆን ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለምናውቃቸው ሰዎች ደውዬ ለእሁድ ንጋት ተቀጣጠርን።

ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታወራለች። ታችኛው ፎቅ ያለው ሕፃን ጥርስ ማብቀሉን ትናገራለች። የእትዬን ወገብ ትጠይቃለች፣ መልሱን ትጠብቃለች፣ "እሰይ" ትላለች፣ ትስቃለች። ቆሜ አዳመጥኳት። ሁሉንም ነገር የምታወራው በጠፋ ስልክ ነው።

ስታየኝ ደነገጠች። "በይ እትዬ፣ ልጄ መጣልኝ፤ ነገ እደውላለሁ" አለችና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እንዴት ናት?" አልኳት።

"ደህና ናት። ስልኩ ድምፁ እንዴት ጥርት ይላል አለች። ልጅሽን አመስግኚልኝ ብላለች።"

እስከ እሁድ ገና ሁለት ቀን ነበር።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት። "ነገ ስትደውዪ ሰላም በይልኝ።"