በጥቂት መስመር የተሳለው ሞላልኝ

ወለተሐና ከወለጋ ስትሸሽ ይዛ የወጣችው የለበሰችውን ብቻ ነው። ልጇ ሞላልኝ ደጃፉ ላይ ተገድሎ ቀረ፤ ፎቶዎቹም ከቤቱ ጋር ነደዱ። ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባች በኋላ ከብርዱ ይልቅ ያስጨነቃት የልጇ መልክ እየራቃት መምጣቱ ነበር።

ጎረቤቷ ኪዳነወልድ ቀድሞ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ይስል የነበረ ሰው ነው። አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልሞክር።»

«ቀኝ ቅንድቡ ከግራው ከፍ ይላል፤ የሆነ ነገር ሊጠይቅ የመጣ ነው የሚመስለው። ከንፈሩን አትግጠምብኝ፤ ሞላልኝ አፉ ዝም ብሎ አያውቅም።»

እየሳለ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየሳለ ቆየ። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥቂት መስመር ነው። ፀጉሩ በወጉ አልተሞላም፤ አንገቱም ከትከሻው ሳይደርስ ተቋርጧል። ወለተሐና ግን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ጆሮውን መቼ ነገርኩህ?»

«የእርስዎን አይቼ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ወንድሟ እሸቴ ከጫጫ ሊጠይቃት መጣ። ሥዕሉን አይቶ ከልቡ አዘነ።

«ይሄ እኮ አላለቀም፣ እህቴ። የሟች መልክ እንዲህ ተጀምሮ ይቀራል? ስጪኝ፣ በደንብ ላሠራልሽ።»

እያመነታች ሰጠችው። ለሙት ዓመቱ በመስተዋት አስገጥሞ አመጣላት፦ ሱፍ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ። ቅንድቦቹ እኩል ናቸው፤ አፉ ግጥም ብሏል፤ ከኋላው ፏፏቴ ይወርዳል። ለቀስተኛው ሁሉ አደነቀ።

«ወረቀቱስ?» አለች ወለተሐና።

«የቱ ወረቀት? እ... ፎቶ ቤት ቀርቷል። ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?»

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደች። ሠራተኛዋ፣ «ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ እንጥለዋለን፣ እናቴ፤ ኮምፒውተሩም ላይ ያለው ያለቀው ብቻ ነው» አለቻት።

መጠለያው ስትመለስ ኪዳነወልድ ሌላ ወረቀት አወጣ። «እንደ በፊቱ ይንገሩኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት ባለ ከረባቱ ነው። ገፋችው፤ ተመልሶ መጣ። ኪዳነወልድ እርሳሱን እንደያዘ ጠበቃት።

«ግድ የለም እትዬ፣ ነገ እንሞክራለን።»

«ነገማ ይብሳል» አለች።