የኤፕሪል ስምንት ስልክ

ደጊቱ ከአትላንታ ወጣ ባለችው ስኔልቪል ሚስተር ኦቲስ የሚባሉ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ወረቀት ላይ የሥራዋ ስም ረጅም ነው፤ ለእሷ ግን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትና የሽማግሌ ወሬ መስማት ነው። ከሁሉም ወሬውን ትወዳለች። ጧት ከስቶን ማውንቴን ተነስታ፣ መኪናዋን ከሚስተር ኦቲስ ደጅ ፓርክ አድርጋ፣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ "እህስ፣ ዛሬስ ምን ሆኖ ነበር?" ትላቸዋለች። እሳቸውም መልሱን አዘጋጅተው ነው የሚጠብቋት።

ሚስተር ኦቲስ ቤዝቦል ይወዳሉ ማለት ያንሳል። የደጊቱ እናት አሥራ ሁለትን ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝን ገብርኤል እያሉ ወሩን እንደሚቆጥሩት፣ እሳቸውም ለየቀኑ አንድ ጨዋታ አላቸው። በዚህ ቀን እገሌ ይህን መታ፣ በዚህ ቀን እገሌ ያንን ቀለበ። ደጊቱ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ የእናቷን ቀኖች ትታለች፤ የሽማግሌውን ግን አንድ በአንድ አጥንታለች።

የቀኖቻቸው ሁሉ አለቃ ኤፕሪል ስምንት ነው። በ1974 በዚያች ቀን፣ እዚሁ አትላንታ፣ ሀንክ አሮን ሰባት መቶ አሥራ አምስተኛውን ሆምረን፣ ኳሷን ከአጥር ማዶ የሚሰደውን ምት፣ መትቶ ስንት ዘመን የተከበረውን የነጭ ተጫዋች ክብረ ወሰን ሰበረ። ጥቁር ሰው እንዴት ይደፍራል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲዛትበት የከረመ ሰው ነው። በዚያ ምሽት ሚስተር ኦቲስ እስታዲየሙ ውስጥ እየዞሩ ኦቾሎኒ ይሸጡ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ሊሮይም (ታናሽ ነውና አንተ ብንለው አይቀየመንም) ረዳት መስሎ አብሯቸው ገብቷል። ኳሷ ከዱላው ስትነሳ ኦቲስ ደንግጠው ሣጥኑን ለቀቁት። ሊሮይ "ጌቶችህ ያስከፍሉሃል!" ብሎ ጎንበስ፣ ኦቾሎኒ መልቀም። ቀና ሲል ኳሷ አጥሩን አልፋ፣ ሕዝቡ ቆሞ፣ እሱ የሰው ጀርባ ብቻ አየ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኤፕሪል ስምንት ጧት ሊሮይ ከበርሚንግሃም ይደውላል። "ኦቲስ፣ እኔ አላየሁም፤ እስቲ ንገረኝ" ይላል። ሽማግሌው ይነግሩታል፤ ካፊያውን፣ ጩኸቱን፣ የኳሷን አነሳስ። ሲጨርሱ ሊሮይ ተራውን ተቀብሎ፣ በዓመቱ በዚያችው ቀን በዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ቡድኑን ይዞ መግባቱን፣ ራሱም ዱላ ይዞ ገብቶ ሆምረን መምታቱን ያወራል። እስታዲየሙ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በዓመት አንድ ጧት መልሰው ይሠሩታል።

ማርች አጋማሽ ላይ ሚስተር ኦቲስ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ደጊቱ አነሳች። የሊሮይ ልጅ ነበረች። አባቷ በድንገት ማረፉን ነገረቻትና "የአጎቴ ልብ ደካማ ነው፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው" አለቻት። ደጊቱ "እሺ" አለች። ቀስ ማለት ግን ለአሜሪካዊቷ ሌላ ነው፣ ለደጊቱ ሌላ። ለልጅቷ ዛሬ ማታ ማለት ነው። ለደጊቱ፣ በሽተኛው ሲያገግም፣ ቀኑ ሲመች፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው። መርዶ እንደ ሰላምታ ከመንገድ ላይ አይወረወርም። ደግሞም ኤፕሪል ስምንት እየመጣ ነው፤ በዓላቸውን እንዴት ታበላሽባቸው? ከዚያ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብላ ነገሩን በሆዷ ያዘች። ልጅቷ ደግማ ስትደውል "ገና አልበረታቱም፣ ለእኔ ተዪው" አለቻት። ቀብሩ አለፈ።

ይህን ስታደርግ ክፋት አልነበራትም። እሷም እንዲሁ ነው የተደረገላት። ልጇን ማራኪን አርግዛ ሳለች አባቷ ደሴ ላይ ሲሞቱ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተማክሮ ደበቃት፤ የነገሯት የልጅቷ ሰማንያ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። "ያኔ ቢነግሩኝ ልጄን አላገኛትም ነበር" እያለች ስታመሰግናቸው ኖራለች።

ያላሰበችው ነገር ግን መጣ። ሚስተር ኦቲስ ወንድማቸው ዝም ሲላቸው በየቀኑ "ደውይልኝ" ይሏት ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩን የምትመታው እሷ ናት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች። የሊሮይ ድምፅ "ሊሮይ ነኝ፣ መልእክት ተዉልኝ" ይላል፤ እሳቸውም ይተዋሉ። "አንተ ሰነፍ፣ የት ጠፋህ?" "ሊሮይ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?" ደጊቱ ለሞተ ሰው እየደወለች፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ትተክላለች። አንዴ የተጀመረ ዝምታ በየት በኩል ይቋረጣል?

ሚድታውን ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ማራኪ ስትሰማ እራቷን ትታ ተነሳች።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ይሄ እኮ ያንቺ ዲሲዥን አይደለም። ወንድሙ ነው። ንገሪው በቃ!"

"በዓላቸው ይለፍ።"

"ማን ሊደውልለት ነው በዓል የሚሆነው?"

ደጊቱ እናት ናትና ተቆጣች።

ኤፕሪል ስምንት ጧት ስትደርስ ሚስተር ኦቲስ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቁርስ አልነኩም። "ሊሮይ ሲደውል አፌ ሙሉ መሆን የለበትም" አሉ። ረፋድ ሆነ። ምሳ ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞረች። እሳቸው ስልኩን አንስተው ድምፅ እንዳለው ያዳምጡና መልሰው ያስቀምጣሉ። ደጊቱ ምሳውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። ወደ ማታ "ደውይልኝ" አሏት። ደወለች። ሊሮይ እንደ ወትሮው መልእክት ተዉልኝ አለ።

"በዓመት አንዲት ቀን ልታስበኝ ካቃተህ ተወው" አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ። ወንድም የለኝም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደጊቱ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ማለዳ ማራኪን ይዛ መጣች። ብቻዋን መርዶ መንገር አታውቅም። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል። ሚስተር ኦቲስ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አዩዋቸው፤ የእኛን ወግ ባያውቁም የጥቁር ልብስ ትርጉም የትም አንድ ነው።

"ሊሮይ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ ሚስተር ኦቲስ።"

"ማታ ነው?"

እዚህ ላይ አዎ ማለት ቀላል ነበር። ደጊቱ ግን ውሸቱ ሰልችቷት ነበር። "ማርች ውስጥ ነው። ተቀብሯል። ልብዎን ፈርቼ ነው።"

"ትናንት ስትደውይልኝ ታውቂ ነበር" አሉ ሽማግሌው።

"አውቅ ነበር።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። "ደውይልኝ" አሉ፣ "ያልኩትን ላንሳ።" ደወለች፤ ስልኩን እንደ ልማዷ ጆሯቸው ላይ ያዘች። ሊሮይ ስሙን ተናገረ። ከዚያ አንዲት የማሽን ሴት ተቀበለችው፤ የመልእክት ቦታው ሞልቷል፣ ከዚህ በላይ መቀበል አይቻልም አለች።

"የቀረችውን ቦታ ትናንት በስድብ ሞላኋት" አሉ ሚስተር ኦቲስ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ።

ያኔ ነው ደጊቱ ስንት ዓመት ሙሉ ያላሰበችውን ያስታወሰችው። እርጉዝ ሳለች፣ ሰው ወደ ደሴ በሄደ ቁጥር "አባቴን ሳምልኝ" ትል ነበር። ሁሉም ዓይኗን ሸሽተው "እሺ" ብለዋታል። መርዶው በተነገራት ቀን ከሞታቸው ይልቅ ያንጨረጨራት እነዚያ ለማንም ያልደረሱ መሳሞች ነበሩ። ለቅሶውን ረስታ ምስጋናውን ብቻ ይዛ መኖሯ ገረማት፤ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ማራኪ አቀፈቻት።

ሽማግሌው አላባረሯትም። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ከእጇ ይቀበላሉ፣ እንደ ድሮውም "አመሰግናለሁ" ይሏታል። ጧት ስትገባ "ዛሬስ ምን ሆኖ ነበር?" ማለቱን እሷ ተወችው። ሰው ማነጋገር ሲያምራቸው ግን ስልኩን ራሳቸው ይስባሉ። በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ቁጥር ይመታሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ዘግተው እንደገና ይጀምራሉ። ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ደውይልኝ ብለዋት አያውቁም።