ባሌን በማር ያሽመደመድኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሽንኩርት በምንነቅልበት ሰሞን ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ በራሴ እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ባለቤቴ ሰይድ ሸዋሮቢት አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ነው። ያን ቀን ተራ ሲያስከብር ውሎ የራሳችንን ሽንኩርት ሲነቅል አመሸ። በጣም ርቦት ስለነበር እንጀራውን አከታትሎ በላና ተኛ። ጠዋት "ሐሊማ፣ እግሬ እምቢ አለኝ" አለኝ። ቀልዱ መስሎኝ አንሶላውን ገፈፍኩበት። እውነትም እግሩም እጁም አይንቀሳቀስም።

እኛ ዘንድ የደከመ ሰው በጣፋጭ ነው የሚጠገነው። አብሽ በማር በጠበጥኩለት። ጎረቤቱም ሰምቶ ማር፣ ስኳር የበዛበት ወተት ይዞ መጣ። ቀና አድርጌ ይዤው "ትንሽ ጨምር፣ በአላህ!" እያልኩ አጠጣው ጀመር። በጨመርኩለት ቁጥር ይብስበታል። አንገቱን ማቅናት ሲያቅተው ጩኸቴን ለቀቅኩት። በባጃጅ ጭነን ሐኪም ቤት አደረስነው።

ወጣቷ ሐኪም ደሙን አስመርምራ፣ የልቡንም ምት በመሣሪያ አየችና "እህቴ፣ ምን ምን ሰጠሽው?" አለችኝ። በኩራት ዘረዘርኩላት። "በይ ከእንግዲህ ማር እንዳታቀምሺው" ብላ ወንበር ስባ አስረዳችን። በጡንቻ ሴል ሽፋን ላይ እንደ ፖታስየም ያሉ ጨዎች የሚገቡባቸውና የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች እየተጠጓቸው ክፈቱ፣ ዝጉ ይሏቸዋል። የሰይድ ቀዳዳዎች ከተፈጥሯቸው ችግር አለባቸው። ከከባድ ድካም በኋላ እንጀራም ሆነ ጣፋጭ ሲበዛ ፖታስየሙ ከደሙ ወደ ሴሉ ይጎርፋል፤ ያኔ ጡንቻው አልታዘዝ ይላል።

ሰይድ ከተኛበት "ገባኝ፤ የውሃ አባቱና ቦዩ አልተግባቡም ማለት ነው" አላት። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ። በስስቴ ልገድለው ነበር።

ፖታስየሙን በውሃ በጥብጠው ሰጡት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እጄን ጨበጠኝ። ማታ በእግሩ ቆመ።

አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ምግቡንም እየጠበቀ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የእኔ ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም። ጎህ ሲቀድ ቀድሜው እነቃና ትንፋሼን ውጬ አየዋለሁ። ያውቅብኛል። ዓይኑን ሳይገልጥ የእግሩን ጣቶች ያወዛውዝልኛል። ያኔ ነው ተነስቼ ለሶላት ውዱእ የማደርገው።