መጨረሻው የተበላው ካሴት

የካ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት የተቀጠርኩ ቀን፣ ባለቤቷ እትዬ አልማዝ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ በአልኮል አጽዳ፣ ካሴቱን አጠንጥን፣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ግን ዝም እንዳትል። ቻይንኛ እንደማላውቅ ብነግራቸው «እነሱስ መቼ ያውቃሉ?» ብለው አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አሳዩኝ። በዚያው ተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

የድሮዎቹ የካራቴ ካሴቶቻችን ሽፋንም ስምም አልነበራቸውም። ስም የምናወጣላቸው እኛው ነን። አንደኛው «ባለ መጥረጊያው» ይባላል፤ ግቢ የሚጠርግ ሎሌ፣ መምህሩን የገደሉበትን ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ቡጢው ሳያርፍበት የሚወድቅ ሰው ሞልቷል። ማንም ግን አይስቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ለዋለ ሰው የሎሌ ማሸነፍ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቀን ዴኩ የዚህን ካሴት መጨረሻ በላው። እትዬ አልማዝ ሊጥሉት ሲሉ፣ የቀረውን በአፌ እጨርሰዋለሁ ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ስንደርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ቆሜ በእጄ በእግሬ አወራዋለሁ። አክተሩ፣ ዋናው ጀግና ማለት ነው፣ በእኛ ቤት አይሞትም። ሁልጊዜ አሸንፎ ግቢውን ሊጠርግ ይመለሳል። ከእንጦጦ እንጨት እያወረደ የሚሸጠው ግርማ ይህን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይወጣም ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል።

ባለፈው ክረምት ግርማ በልጁ እየተመራ ቤቴ መጣ። ዓይኑ ጠፍቷል። ልጅቷ ፊልሙን ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ አግኝታለታለች፤ እሱ ግን መጨረሻውን ከእሷ አልሰማም ብሎ አስቸግሯል።

«ተርጓሚዬ አንተ ነህ» አለኝ።

የልጅቷን ስልክ ተቀብዬ እያየሁ አወራሁለት። ባለ መጥረጊያው የመጨረሻውን ጠላት ጣለ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ግርማ ጆሮውን አዘንብሎ ይጠብቃል። ልዋሸው ቃጣኝ፤ ይህን ያህል ዓመት የጠበቀን ሰው ማታለል ግን ከበደኝ።

«ሞተ» አልኩት።

አዘንኩለት፤ ለራሴም አዘንኩ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «እስቲ አሁን የእኛን ንገረኝ።»

ወንበሩን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ።

የተርጓሚ ሥራ መጀመሪያ ያየውን መናገር ነው፤ ቀጥሎ የተጠየቀውን።