የበቆሎና የባቄላው ምርጫ

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ አንድ ቡና ማበጠሪያ ቤት ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር የሚመረጥበት ቀን ሲደርስ ሁለት ሰዎች ተጠቆምን፤ አንዱ የመጋዘኑ አለቃ፣ ሌላው እኔ። ግቢያችንን የሚቆጣጠር የመንግሥት ካድሬ ነበር፤ አለቃው የእሱ ሰው መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። እኔን የጠቆሙኝ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። አቧራው ደረታቸውን እየያዘ ስላስቸገራቸው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሰጣቸው ደጋግሜ ጠይቄ ነበር። ያገኙት ነገር ባይኖርም መጠየቄን አልረሱም።

ከሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ምርጫው በእህል ሆነ። የመልቀሚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ጆንያ ጋረድን፤ ከጀርባው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አስቀመጥን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ በቆሎና አንድ ፍሬ ባቄላ ይዞ ይገባል። በቆሎው ለእኔ፣ ባቄላው ለአለቃው። የመረጠውን ቆርቆሮው ውስጥ ይጥልና የቀረውን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። የሚወጣውን ሁሉ ፊቱን አየው ነበር፤ ምንም አይታወቅበትም።

ካድሬው ያን ዕለት ሌላ ስብሰባ ነበረበት። ቆርቆሮው ሲገለበጥ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ከሞላ ጎደል በቆሎ ነበር። ሴቶቹ እልል ለማለት ዳድቷቸው እርስ በርስ ተያዩና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ደስታዬን ዋጥ አደረግሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ካድሬው መጥቶ ማሽኖቹን አስቆመና ሁላችንንም ሰበሰበ። አልጮኸብንም። ንቁ ሠራተኛ የሚደብቀው ነገር እንደሌለ፣ ተሸሽጎ መምረጥ የአድኃሪ ልማድ እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳን። ጆንያውን አስወረደው። ከዚያ እኔን ጠርቶ ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሮ አጠገቡ አቆመኝ።

«እሱን የምትደግፉ ጓዶች፣ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ከደቡብ የመጣ አንድ ተሸካሚ ነበር፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ጴንጤ ስለሆነ ጸሎት ቤታቸው በተዘጋ ጊዜ ታስሮ፣ ከተፈታ ገና ብዙም አልቆየም። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ልቀየመው አልቻልኩም።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ሄርማታ ሰፈር የሚኖሩ፣ ሁላችንም በኦሮምኛ አዴ፣ እማማ እንደማለት፣ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት ለቃሚ ናቸው። እንዲያወርዱት በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። አላወረዱትም። ካድሬው ሌላ እጅ ካለ ብሎ አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና «አንድ» አለ። የአለቃው ተራ ሲደርስ አዳራሹ በእጅ ተሞላ።

ብዙም ሳይቆይ እኔን ሰኮሩ ወደሚገኝ የቡና መረከቢያ አዛወሩኝ። አዴን ከሥራ ያባረራቸው የለም፤ ገለባ ወደሚወጣበት ክፍል ወሰዷቸው እንጂ። ከግቢው ሁሉ አቧራ የሚብሰው እዚያ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ጅማ መጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ሳሉ ንግግራቸውን ይቆራርጠዋል። ያን ቀን ለምን እጅዎን አላወረዱም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ትናንት መርጬህ ዛሬ አላውቀውም ልበል? ወላሂ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

«የሌሎቹስ እጅ እንዴት እሺ አላቸው?»

«እነሱ የሚያሳድጉት ልጅ አላቸው፤ እኔ ማን አለኝ? እንዳትቀየማቸው።»

እሺ አልኳቸው። ሲሸኙኝ እስከ ደጅ መምጣት አልቻሉም።

የዚያ ዓመት ቡና ከዛፍ መለቀም ከመጀመሩ በፊት አዴ ሞቱ። ያረዳኝ ያ ተሸካሚ ነው፤ በጭነት መኪና ሰኮሩን ሲያልፍ ወርዶ ፈለገኝ። ሠራተኛው በሙሉ ቀብር መውጣቱን፣ አለቃው ሳይቀር ቃሬዛውን መሸከሙን ነገረኝ። ከዚያ ወሬው አለቀበት፤ ግን አልሄደም። ባርኔጣውን በእጁ እያገላበጠ አጠገቤ ቆመ። እጅ ስለተቆጠረበት ቀን ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ አልጠየቅሁትም። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጭነቱ ላይ ወጣ፤ መኪናውም ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሄደ።