አያቴን «ሞተዋል» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ጋደም ብዬ ስለነበር የልጄ ልጅ ሂክማ አነሳችው። ደዋዩ ስሜን ጠርቶ ሲጠይቃት፣ ልትገላግለኝ ብላ፣ «አያቴ አርፈዋል» አለችው። ሰውዬው በደነገጠ ድምፅ «ነፍስ ይማር» ሲል እኔም ሰማሁት። ሂክማ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን ለወጉ ብቻ ፈገግ አልኩ። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ እዚሁ መርካቶ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብዬ አውቃለሁ።

አባቴ እህል በረንዳ ጫፍ ላይ ባዶ ጆንያ ይነግድ ነበር። የተቀደደ እንገዛለን፤ አራግፈን፣ ጠግነን እንሸጣለን። መርፌው የእኔ ድርሻ ነበር። የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬን እየሞላው ቀኑን ሙሉ እሰፋለሁ። በዚያ ክረምት አያቴ ይመር ሰይድ ከወሎ መጡ። የሚያርሱትን መሬት አንድ ባለ ጉልበት ስለነጠቃቸው ይግባኝ ሊሉ ነበር።

አያቴ ገበሬ ነበሩ። ጣሊያን ሲመጣ ማሽላቸውን ሳያጭዱ ዘመቱ፤ ጦሩ ሲበተንም ጫካ ገብተው እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ከዚያ ተመልሰው ሞፈራቸውን ጨበጡ። ጥርጣሬውን ግን ከጫካው ይዘውት ነበር የመጡት። ሱቃችን ውስጥ ፊታቸውን ወደ በሩ ሳያዞሩ አይቀመጡም። ከችሎት ሲመለሱ አንድ ቀን በሶማሌ ተራ፣ አንድ ቀን በአትክልት ተራ ይዞራሉ እንጂ በሄዱበት መንገድ አይመጡም። ዳቦ ስሰጣቸው እንኳ ቆርሼ ካልቀመስኩ አይነኩትም።

«ስሙን ሳይነግርሽ ስምሽን የሚጠይቅሽን ሰው እንዳታምኚ» ይሉኝ ነበር።

ልጅነት ነውና ምክሩ ጣመኝ። ሰውን ሁሉ መጠርጠር አዋቂነት መሰለኝ። በዚያ የሐምሌ ጭቃ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ካየሁ ባላጋራችን የላከው ነው እላለሁ። አባቴም «ስለ አባባ የሚጠይቅ ከመጣ አላውቅም በሉ» ብሎ አስጠንቅቆናል።

አንድ ከሰዓት አያቴ ችሎት ውለው፣ አባቴ ለሶላት ወጥቶ ብቻዬን ነበርኩ። ጋቢው በዝናብ የራሰ ረጅም ሽማግሌ ከበራችን ቆመ። የግራ ጆሮው እኩሌታ የለም። ጆንያውን ይዳስሳል፤ ዓይኑ ግን ወደ ውስጥ ነው። ገዢ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ልጄ፣ የይመር ሰይድ ዘመዶች እዚህ ናቸው አሉኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

አመነታ። «ስሜን አያውቀውም። ካየኝ ግን ያውቀኛል።»

ስሙን የማይናገር፣ ጆሮው የተቆረጠ ሰው! አላውቅም ብዬ ብመልሰው ጎረቤት ጠይቆ ይመጣል። አንዴውኑ ልዝጋው አልኩ።

«ሞተዋል» አልኩት። «አምና።»

ሳልጋብዘው ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። እኔ ያኔም «ማስመሰል ነው» እላለሁ በልቤ። ሲነሳ ትንሽ ከረጢት ከፊቴ አኖረ።

«በሶ ነው። ለእሱ ነበር ያመጣሁት፤ እናንተ ብሉት።»

ከዓይኔ እስኪሰወር ጠበቅኩና መርዝ ቢሆንስ ብዬ በሶውን ጭቃው ላይ ደፋሁት።

አያቴ ሲመጡ ምስጋና እየጠበቅኩ ነገርኳቸው። ጆሮው ጋ ስደርስ ብድግ አሉ።

«የትኛው ጆሮው?»

«የግራው።»

«ምን ይዞ ነበር?»

«በሶ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው።

«ጭኔን ተመትቼ ዋሻ ውስጥ ቀርቼ ነበር» አሉ። «ያ ሰው የጣሊያን በቅሎ ነጂ ነበር። አገኘኝና ከጠላት ሰፈር እየተደበቀ ዐሥራ አንድ ቀን ውሃና በሶ አመላለሰልኝ። ዐሥራ አንዱንም ቀን ጠመንጃዬን ከደረቱ አላነሳሁም። ቀድሞ ካልቀመሰ አልበላም። በመጨረሻው ቀን ጆሮው ተቆርጦ መጣ። ማን ነው ስለው ‹ተወው፣ ተነስ› አለና ተሸክሞ ወገኖቼ ዘንድ አደረሰኝ። ስሜን የነገርኩት ስንለያይ ነው። የእሱን አልጠየቅኩም። እስከዚያ ሰዓት አላመንኩትማ!»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ። አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ወደ ወሎ ይሳፈር ይሆናል ብለን አውቶቡስ ተራ ወረድን። ዝናቡ ያካፋል፤ የናፍጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። አያቴ ለጎረቤት እንኳ ስማቸውን የማይናገሩ ሰው፣ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ ላይ እየወጡ ይጮኻሉ፤ «ይመር ሰይድ ነኝ! አልሞትኩም!» ተሳፋሪው ይስቃል። አንዲት ሴት «ምስኪን፣ ነክቷቸዋል» አለች። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አለቅሳለሁ። ሦስት ቀን ተመላለስን። በሁለተኛው ቀን የችሎት ቀጠሮ ነበራቸው፤ አልሄዱም፤ መዝገቡም ተዘጋ። መሬታቸውን ያገኙት ከዓመታት በኋላ የመሬቱ አዋጅ ሲወጣ ነው። ሰውዬውን ግን አላገኘነውም።

ዛሬ ያኔ አያቴ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። መጠርጠር ጥፋት ነው አልልም፤ መርካቶ ውስጥ ሳይጠረጥር የነገደ ሰው አላውቅም። ብቻ ያ ሰው አገሩ ሲገባ ለቤተሰቡ ምን እንዳለ አስባለሁ። ይመር ሞቷል ብሎ ሰደቃ አውጥቶላቸው ይሆናል። አያቴ ገና ዐሥራ ሁለት ክረምት በሕይወት ሊኖሩ፣ እኛ በማናውቀው መንደር፣ ስሙን በማናውቀው ሰው ቤት ተለቅሶላቸዋል። ያንን ሐዘን ሰውዬው ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።