ከአረሙ ጋር የነቀልሁት ሩዝ

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ገበሬ ወረታ ካለችው ቢሮዬ ሲገባ፣ እግሩ ላይ ያልደረቀ የሩዝ ማሳ ጭቃ ነበረበት። ሽታው ክፍሏን ሲሞላት እኔ በሐሳቤ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በአባቴ ማሳ ውስጥ ነበርሁ።

ከዓመታት በፊት፣ አንድ ክረምት ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና እያጠናሁ ነበር። ልጄን አዝዬ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን እየዋጠው አርማለሁ፤ እያረምሁ አንቀጾቹን በቃሌ እወጣለሁ። አረም ገና ለጋ ሳለ ከሩዝ ለመለየት ልብ ይፈልጋል፤ የኔ ልብ ግን የውል ሕጉ ላይ ነበር። ዞር ስል አባቴ ከኋላዬ አጎንብሰው፣ ከአረሙ ጋር የነቀልሁትን ሩዝ መልሰው ጭቃው ውስጥ ይተክላሉ።

አልተቆጡም። «ከውኃው ውጪና ድንበሩ ላይ ተቀምጠሽ አጥኝ፤ ልጅቱንም ወዲህ በይ» አሉኝ።

አባቴ በድንበርና በውኃ የተጣላውን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቱን አዝለው እያረሙ፣ «ግን ልጄ፣ አንቺ ያከራከርሻቸውን ሰዎች ኋላ ማን ያስታርቃቸዋል?» አሉ።

ፈተናውን አለፍሁ። አባቴ ግን መልሱን ሳልሰጣቸው አረፉ።

«ወንድሜ ድንበሬን ገፋኝ፤ ክሰሽልኝ» አለ ዛሬ ቢሮዬ የገባው ገበሬ።

ብዕሬን አነሳሁ። «ወንድምዎ አሁን የት ነው ያለው?»

«ውጭ ቆሟል» አለ በመስኮቱ እያሳየኝ። «ከይፋግ ድረስ ይዞኝ የመጣው እሱ ነው፤ እኔ ከተማውን አላውቀውም።»